ብርድ ወዳድ ባክቴሪያዎች እንዴት ስም እንዳገኙ፤ ከበረዶ ግግር እስከ ሆለታ ወተት

መግቢያ

ስለ ባክቴሪያ በአገራችን ሲነገር ብዙውን ጊዜ አብሮ የሚነሣው ሙቀት ነው። ወተት የሚበላሸው፣ ወጥ የሚኮመጥጠው፣ ቁስል የሚያመረቅዘው ሙቀት ሲበዛ መሆኑን ሁሉም ያውቃል። ብርድ ግን እንደ ጠባቂ ይቆጠራል። ይህ እምነት በከፊል እውነት ነው። ዳሩ ግን በዜሮ ዲግሪ ሴንቲግሬድ አጠገብ፣ አንዳንዶቹም ከዚያ በታች፣ የሚኖሩና የሚራቡ ባክቴሪያዎች መኖራቸው ከታወቀ ከመቶ ሠላሳ ዓመት በላይ ሆኗል። እነዚህም ከባሕር ጥልቀት፣ ከዋልታ አፈርና ከተራሮች የበረዶ ግግር እየተለዩ በየዓመቱ አዳዲስ ስሞች ይወጡላቸዋል።

በኢትዮጵያ ዛሬ የበረዶ ግግር የለም። ስለዚህ ይህ ጉዳይ ለእኛ የሩቅ አገር ወሬ ይመስል ይሆናል። የዚህ ጽሑፍ አሳብ ግን ሌላ ነው። የእነዚህ ባክቴሪያዎች ታሪክ ሲመረመር፣ አዲስ ዝርያ የሚገኘው ሩቅ በመጓዝ ብቻ እንዳልሆነ ይታያል፤ ዝርያ የሚታወቀው አንዱን ከሌላው በማነጻጸር ነው፤ ለማነጻጸር ደግሞ አስቀድሞ በሕይወት የተጠበቀ ዘር ያስፈልጋል። ይህን ያደረገ ከወተት መያዣም ቢሆን አዲስ ስም ያወጣል፤ ይህን ያላደረገ ግን በራሱ አፈር የተገኘውን እንኳ በሌላ አገር ሄዶ ይጠይቃል። ነገሩ ግልጽ እንዲሆን በመጀመሪያ የዓለሙን ታሪክ፣ ቀጥሎም የአገራችንን ሁኔታ፣ በመጨረሻም ሆለታን እንመለከታለን። ዓመተ ምሕረት ያልተጻፈበት ዘመን ሁሉ በኤውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ብርድ ወዳድና ብርድ ቻይ

በዜሮ ዲግሪ የሚያድግ ባክቴሪያ መኖሩን በመጀመሪያ በጽሑፍ ካስታወቁት ሊቃውንት አንዱ ፎርስተር ነው። እርሱም በ1887 በብርድ ከተቀመጠ ዓሣ ላይ በጨለማ የሚያበሩ ባክቴሪያዎችን ለይቶ፣ በዜሮ ዲግሪ እንደሚራቡ አሳየ። እንግዲህ የዚህ ትምህርት መነሻ የበረዶ ተራራ ሳይሆን የምግብ ማስቀመጫ መሆኑን ልብ ማለት ያሻል፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለን። በ1902 ደግሞ ሽሚት ኒልሰን የተባለው ተመራማሪ ለእነዚህ ሕያዋን «ሳይክሮፊል» የሚል ስም ሰጣቸው። ቃሉ ከግሪክ የመጣ ሲሆን ትርጓሜው «ብርድ ወዳድ» ማለት ነው።

ስሙ ግን ብዙ ክርክር አስነሣ። ምክንያቱም በዚያን ጊዜ ብርድ ወዳድ ከተባሉት አብዛኞቹ በቤተ ሙከራ ሲመረመሩ ከዜሮ ዲግሪ ይልቅ በ25 ወይም በ30 ዲግሪ በፍጥነት የሚያድጉ ሆነው ተገኙ። እንግዲህ ብርዱን ይችሉታል እንጂ አይወዱትም። ኤዲ የተባለው ሊቅ በ1960 ባወጣው ጽሑፍ፣ በ5 ዲግሪና ከዚያ በታች ማደግ ለሚችሉት ሁሉ «ሳይክሮትሮፍ» የሚለው ስም እንዲሰጥና «ሳይክሮፊል» የሚለው ለእውነተኞቹ ብርድ ወዳዶች ብቻ እንዲቀር አሳሰበ። እኛም በዚህ ጽሑፍ የመጀመሪያዎቹን «ብርድ ቻይ»፣ ሁለተኞቹን «ብርድ ወዳድ» እንላቸዋለን።

እውነተኛ ብርድ ወዳድ ባክቴሪያ በርግጥ አለ ወይ የሚለው ጥያቄ በደንብ የተመለሰው በ1960ዎቹ ዓመታት ነው። ሪቻርድ ሞሪታና ባልደረቦቹ ከሰሜን ፓሲፊክ ውቅያኖስ ጥልቅ ውሃ ያገኙት አንድ ባክቴሪያ በ15 ዲግሪ አካባቢ ከሁሉ ይበልጥ የሚያድግ፣ ከ20 ዲግሪ በላይ ግን የማያድግ መሆኑን በ1964 አስታወቁ። ለእኛ የክፍል ሙቀት የሆነው ለእርሱ ገዳይ ትኩሳት ነው። ሞሪታ በ1975 ባሳተመው ሰፊ ጽሑፍ ወሰኑን በቁጥር ደነገገ፤ ብርድ ወዳድ የሚባለው ከሁሉ የሚመቸው ሙቀት 15 ዲግሪ ወይም ከዚያ በታች፣ የመጨረሻው 20 ዲግሪ ገደማ፣ የዝቅተኛው ደግሞ ዜሮ ወይም ከዚያ በታች የሆነ ነው። ያ የውቅያኖስ ባክቴሪያ የገባበት ወገንም ኋላ በእርሱ ስም «ሞሪቴላ» ተብሏል።

ይህን ያህል ዘመን ሊቃውንት ለምን ሳያገኟቸው ቀሩ? ምክንያቱ ቀላል ነው። ናሙናው ከብርድ ቦታ በጥንቃቄ ቢወሰድም፣ በመንገድ ላይ ይሞቅ ነበር፤ በቤተ ሙከራም የሚዘራበት ማሳደጊያ፣ ማፍሰሻው ብርጭቆ፣ ማንኪያው ሁሉ በክፍሉ ሙቀት ያለ ነበር። ስለዚህ ብርድ ወዳዶቹ ከመታየታቸው በፊት ይሞታሉ፤ ብርድ ቻዮቹ ብቻ ተርፈው ይበቅላሉ። ሞሪታ ይህን ተረድቶ ከናሙናው ጀምሮ እስከ ዕቃው ድረስ ሁሉም በብርድ እንዲጠበቅ አጥብቆ አስተማረ። በምርምር ታሪክ እንዲህ ያለው ነገር ብዙ ነው፤ የለም የተባለው ነገር ያልኖረ ሳይሆን አፈላለጉ የገደለው ሊሆን ይችላል።

ብርዱን የሚቋቋሙበት መንገድ

እዚህ ላይ የአሠራሩን ነገር በአጭሩ መግለጽ ይገባል። በሆለታ በኅዳር ወይም በታኅሣሥ ጥዋት ማጀት ቢታይ፣ ቅቤው በዕቃው ውስጥ ደርቆ ማንኪያ አያስገባም፤ የኑግ ዘይቱ ግን እንደ ወትሮው ይፈስሳል። ሁለቱም ቅባት ናቸው፤ ልዩነታቸው በተሠሩበት የቅባት አሲድ ዐይነት ነው። የባክቴሪያ ሽፋንም ከቅባት የተሠራ ነው። ምግብ የሚገባውና ቆሻሻ የሚወጣው በዚህ ሽፋን በኩል ስለሆነ፣ ሽፋኑ እንደ ቅቤ ከረጋ ሕይወት ይቆማል። ብርድ ወዳዶቹ ሽፋናቸውን የሚሠሩት እንደ ኑግ ዘይት በብርድ ከማይረጋ የቅባት ዐይነት ነው።

ሁለተኛው ነገር ኢንዛይም ነው። ኢንዛይም በብርድ ጊዜ እንደ ደነዘዘ እጅ ሥራው ይዘገያል። የብርድ ወዳዶቹ ኢንዛይሞች ግን ለስላሳና ተጣጣፊ ሆነው ስለተሠሩ በብርድ ይሠራሉ፤ ለዚሁ ልስላሴያቸው የሚከፍሉት ዋጋ በጥቂት ሙቀት መፍረሳቸው ነው። ከዚህም ሌላ በበረዶው ቅንጣቶች መካከል ጨው የበዛበት ያልረጋ ውሃ በቀጭን ሥር መልክ ስለሚገኝ፣ ግግር በረዶ ውስጥም ቢሆን ለእነዚህ ጥቃቅን ሕያዋን መኖሪያ አይጠፋም።

የባክቴሪያ ስም እንዴት ይወጣል?

በአገራችን «ስምን መልአክ ያወጣዋል» ይባላል። የባክቴሪያን ስም ግን የሚያወጣው ሕግ ነው፤ ሕጉም ቀስ በቀስ የተሠራ ነው። ለዚህ ምሳሌ ፍለጋ ከሆለታ ማሳ መራቅ አያስፈልግም። የደጋው ገበሬ ገብስና ስንዴ ከዘራ በኋላ መሬቱን ባቄላ የሚዘራበት፣ ባቄላ መሬት እንደሚያሳርፍ ስለሚያውቅ ነው። ምክንያቱን ቤየሪንክ የተባለው የሆላንድ ሊቅ በ1888 ከባቄላ ሥር እባጭ ላይ ባክቴሪያውን ለይቶ በማሳደግ ገለጠው፤ ይህ ባክቴሪያ ከአየር ናይትሮጅን ወስዶ ለተክሉ ይሰጣል። በ1889 ፍራንክ የተባለው ጀርመናዊ «ራይዞቢየም ሌጉሚኖሳሩም» የሚል ስም አወጣለት፤ ትርጓሜውም በባቄላና በአተር ወገን ሥር የሚኖር ማለት ነው።

በዚያን ዘመን ዝርያ የሚለየው በመልክ፣ በሚመገበው ነገርና በሚኖርበት ቦታ ነበር። ባክቴሪያ ግን በአጉሊ መነጽር ሲታይ ወይ በትር ወይ ክብ ወይ ጠመዝማዛ ነው፤ መልኩ ብዙ አይናገርም። ስለዚህ አንዱ ባክቴሪያ በልዩ ልዩ አገር ልዩ ልዩ ስም ያገኝ፣ ልዩ ልዩ የሆኑትም በአንድ ስም ይጠሩ ነበር። ይህን ዝብርቅርቅ ለማጥራት የዓለም ሊቃውንት ተሰብስበው ከጥር 1 ቀን 1980 ጀምሮ የጸደቀ የስም መዝገብ አወጡ። ቀድሞ በጽሑፍ ከነበሩት እጅግ ብዙ ሺሕ ስሞች ውስጥ በመዝገቡ የገቡት ከሦስት ሺሕ ያነሱ ናቸው፤ የቀሩት ዋጋ አጡ። ለምን ቢባል፣ አብዛኞቹ በቂ መግለጫ ወይም ለማነጻጸር የሚቀርብ ሕያው ዘር ስላልነበራቸው ነው።

ለማነጻጸር የሚሆነው መለኪያም በዚያው ዘመን ተለወጠ። ካርል ዎዝና ጆርጅ ፎክስ በ1977 በሁሉም ሕያው ፍጥረት ውስጥ ከሚገኘው ከራይቦሶም የተወሰደ ጽሑፍ እርስ በርሱ በማስተያየት ዝምድናን መቁጠር እንደሚቻል አሳዩ። ዛሬ ደግሞ የባክቴሪያው ዲ.ኤን.ኤ. በሙሉ ይነበብና ከቅርብ ዘመዱ ጋር ይስተያያል፤ ተመሳሳይነታቸው ከ95 ወይም 96 በመቶ በታች ከሆነ ሁለቱ ልዩ ልዩ ዝርያዎች ናቸው ይባላል። እዚህ ላይ አንባቢ ሊያስተውለው የሚገባ ነገር አለ፤ «አዲስ» ማለት በራሱ የቆመ ቃል አይደለም። አዲስነት የሚታወቀው ከታወቁት ሁሉ ጋር ከተነጻጸረ በኋላ ብቻ ነው።

ስለዚህ እያንዳንዱ ዝርያ «መለኪያ ዘር» አለው። ይህም ስሙ ሲወጣ የተመረመረው ያው ሕያው ባክቴሪያ ሲሆን፣ በብርድ ደርቆ ወይም በእጅግ ከባድ ብርድ ውስጥ በዘር ማኅደር ይቀመጣል። ከ2001 ጀምሮ አዲስ ስም እንዲጸድቅ መለኪያ ዘሩ ቢያንስ በሁለት ልዩ ልዩ አገሮች በሚገኙ ሁለት ማኅደሮች መቀመጥ አለበት። አንዱ ቢቃጠል ወይም ቢጠፋ ሌላው ይተርፋል፤ የትኛውም ተመራማሪ ጠይቆ ሊያነጻጽር ይችላል።

ከበረዶ ግግር የወጡ ስሞች

በደቡብ ዋልታ በረዶና አመዳይ ውስጥ ባክቴሪያ እንዳለ ከመጀመሪያዎቹ የምርምር ጉዞዎች ጀምሮ ይታወቅ ነበር፤ ከ1911 እስከ 1914 ከተደረገው የአውስትራሊያውያን ጉዞ ጋር የሄደው ሐኪም ማክሊን በ1918 ስለ ጉዳዩ አሳትሟል። ይሁን እንጂ መኖራቸውን ማየት አንድ ነገር፣ ዝርያቸውን መለየት ሌላ ነገር ነው። ኢኖዌና ኮማጋታ የተባሉት ጃፓናውያን በ1976 ከደቡብ ዋልታ የተገኘ አንድ ብርድ ወዳድ ባክቴሪያ ስም አውጥተውለት ነበር። በ1997 ሌሎች ሊቃውንት በአዲሱ የዝምድና መለኪያ ሲመረምሩት በተመደበበት ወገን ውስጥ እንደማይገባ አይተው «ክሪዮባክቴሪየም» ወደሚባል አዲስ ወገን አዛወሩት። ይህን ማድረግ የቻሉት መለኪያ ዘሩ ከሃያ ዓመት በኋላም በሕይወት ስለተገኘ ነው።

ከዚያ ወዲህ ሥራው ፈጠነ። በ2003 ከአልፕስ ተራሮች ግግር ላይ ከሚገኘው ጥቁር ዝቃጭ «ፔዶባክተር ክሪዮኮኒቲስ» ተለየ። በዚያው ዓመት ከቻይና ቁጥር 1 ግግር የተገኘው «ፍላቮባክቴሪየም ሺንጂያንጌንሴ» በሺንጂያንግ አገር ስም ተጠራ። በ2009 ደግሞ በግሪንላንድ ከ3,042 ሜትር ጥልቀት ከወጣ በረዶ «ሄርሚኒሞናስ ግላሲየይ» የተባለ እጅግ ትንሽ ባክቴሪያ ተለየ። በ2022 የታተመ አንድ ሰፊ ጥናት ከ21 የቲቤት ግግሮች በተሰበሰበ ናሙና ውስጥ 968 ዝርያዎችን በዲ.ኤን.ኤ. ለይቷል፤ አብዛኞቹም ቀድሞ የማይታወቁ ነበሩ።

የዚህ ሥራ ዋናው ጭንቀት ንጽሕና ነው። በጥንታዊ በረዶ ውስጥ ያሉት ባክቴሪያዎች እጅግ ጥቂት ስለሆኑ፣ ከቆፋሪው እጅ ወይም ከመቆፈሪያው ዕቃ የገባ አንድ እንግዳ ውጤቱን ሁሉ ያበላሻል። ስለዚህ የበረዶው ውጫዊ ክፍል ተፍቆና ታጥቦ ይጣላል፤ የሚመረመረው የውስጡ ብቻ ነው። ይህ ጥንቃቄ ለብርድ አገር ብቻ አይደለም። በአገራችን በዳሎል እጅግ ኮምጣጣና ሞቃት ውሃ ላይ በ2019 ሁለት ጥናቶች ታትመዋል፤ አንዱ ጥቃቅን ሕያዋን አገኘሁ ሲል፣ ሌላው በዚያ እጅግ ኮምጣጣ ውሃ ሕይወት የለም አለ። ክርክሩ የቆመው በዚሁ ነጥብ ላይ ነው፤ የታየው ነገር በቦታው የሚኖር ነው ወይስ ከውጭ የገባ?

ኢትዮጵያ ግግር ነበራት

በኢትዮጵያ ግግር በረዶ የለም ስንል ዛሬ የለም ማለታችን ነው። በባሌ በሳነቲ አምባና ከባሕር ወለል በላይ 4,377 ሜትር ከፍታ ባለው በቱሉ ዲምቱ አካባቢ፣ እንዲሁም በአርሲና በስሜን ተራሮች፣ ግግሮች ገፍተው ያከማቹት ድንጋይና የፋቁት መሬት ምልክት ይታያል። በ2021 የታተመ ጥናት እንደሚያስረዳው በደቡቡ የኢትዮጵያ ደጋ ግግሮቹ ከሁሉ ይበልጥ የሰፉት ከዛሬ 42 ሺሕ እስከ 28 ሺሕ ዓመት በፊት በነበረው ዘመን ነው። በዚያ ዘመን ሰዎችም በአካባቢው ይኖሩ እንደነበር በባሌ ፊንጫ ሐበራ በተባለው ዋሻ የተገኘው ቅርስ አሳይቷል፤ ይህም በ2019 ታትሟል።

ያ በረዶ ቀልጦ ሄዷል፤ በውስጡ የነበሩት ጥቃቅን ሕያዋን ምን እንደነበሩ ማንም ሊነግረን አይችልም። በምሥራቅ አፍሪካ ግግር የቀረው በኪሊማንጃሮ፣ በኬንያ ተራራና በርዌንዞሪ ብቻ ነው፤ እርሱም እያለቀ ነው። የኪሊማንጃሮ በረዶ ስፋት ከ1912 እስከ 2007 ባለው ጊዜ 85 በመቶ ያህል ቀንሷል። ዘር ሳይቀመጥለት የቀለጠ ግግር፣ መጽሐፉ ሳይነበብ እንደተቃጠለ ቤተ መጻሕፍት ነው።

ሆለታና የቀዘቀዘው ወተት

አሁን ወደ ሆለታ እንመለስ። ሆለታ ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ በአምቦ መንገድ፣ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ የምትገኝ ናት። የእርሻ ምርምር ኢንስቲትዩት በ1958 ዓ.ም. ሲቋቋም ከመጀመሪያዎቹ የምርምር ማዕከሎች አንዱ የሆለታው ነበር፤ በደጋ እህልና ጥራጥሬ፣ በተለይም በወተት ላሞች ላይ በሚያደርገው ምርምር ይታወቃል። የእርሻ ባዮቴክኖሎጂ ምርምር ማዕከልም በዚያው በሆለታ ይገኛል። ከሆለታ፣ ከሱሉልታና ከሰበታ አካባቢ የሚወጣው ወተት ወደ አዲስ አበባ ይጓዛል።

በባላገሩ ልማድ ወተት ከብርድ ጋር ብዙ ጉዳይ አልነበረውም። ማለቢያው በወይራ ይታጠናል፤ ወተቱም ያለ ማቀዝቀዣ ስለሚቀመጥ በአንድና በሁለት ቀን ውስጥ ይረጋል። እርጎ የሚያደርጉት ባክቴሪያዎች አሲድ ስለሚያወጡ፣ አሲዱ ሌሎቹን ብዙ ባክቴሪያዎች ያግዳል። እንግዲህ የአያቶቻችን ጥበብ አንዱን ባክቴሪያ በሌላው ላይ መሾም ነበር ማለት ይቻላል።

ወተት ለከተማ ሲሸጥ ግን እርጎ እንዳይሆን ይፈለጋል፤ ስለዚህ ወደ 4 ዲግሪ ይቀዘቅዛል። በዚህ ጊዜ በወተቱ ውስጥ ያለው የኃይል ሚዛን ይለወጣል። እርጎ የሚያደርጉት ባክቴሪያዎች ሙቀት ወዳድ ስለሆኑ ይደነዝዛሉ፤ ከውሃ፣ ከአፈርና በደንብ ካልታጠበ ዕቃ የገቡት ብርድ ቻዮች ግን ሜዳው ለእነርሱ ይለቀቃል። ከእነዚህ ውስጥ በዓለም ሁሉ የታወቀው «ሱዶሞናስ ፍሉዎረሰንስ» የተባለው ነው። ለምሳሌ ያህል አንድ ብርድ ቻይ ባክቴሪያ በቀዘቀዘ ወተት ውስጥ በየ8 ሰዓቱ እጥፍ ይሆናል ብንል፣ በ48 ሰዓት ስድስት ጊዜ ይታጠፋል፤ በአንድ ሚሊሊትር 10 ሺሕ የነበረው 640 ሺሕ ይሆናል ማለት ነው። ወተቱ ግን ስላልረጋ ለዐይን ደኅና ይመስላል።

ከዚህ የባሰው ቀጥሎ ያለው ነው። ወተቱ በ72 ዲግሪ ለ15 ሴኮንድ ሲሞቅ ባክቴሪያዎቹ ይሞታሉ፤ ያወጧቸው ፕሮቲንና ቅባት የሚያፈርሱ ኢንዛይሞች ግን ብዙዎቹ ሙቀቱን ችለው ይቀራሉ። እነዚህም በታሸገው ወተት ውስጥ ሥራቸውን ቀጥለው ወተቱን መራራ ያደርጉታል፤ አይቡንም ያሳንሳሉ። ስለዚህ የብርድ ባክቴሪያ ጉዳይ የዋልታ ተጓዦች ጨዋታ ብቻ ሳይሆን፣ የላም ባለቤቱ ገቢ፣ የወተት አቀናባሪው ኪሳራና የሕፃናት ምግብ ጉዳይ ነው።

ከቀዘቀዘ ወተት አዲስ ዝርያ ሊገኝ ይችላል ወይ ቢባል፣ መልሱ በሌላ አገር ተሰጥቷል። በእስራኤል የሐይፋ ተመራማሪዎች ከጥሬ ወተት የለዩት ብርድ ቻይ ባክቴሪያ አዲስ ዝርያ መሆኑን በማነጻጸር አረጋግጠው በ2007 «ክራይሴዮባክቴሪየም ሐይፌንሴ» ብለው በከተማቸው ስም ጠሩት። በጀርመንም በ2016 ከጥሬ የላም ወተት ሁለት አዳዲስ የሱዶሞናስ ዝርያዎች ስም አግኝተዋል፤ አንዱ የተጠራው በቫይንሽቴፋን ስም ነው። ሐይፋ የባሕር ዳር ሞቃት ከተማ ናት፤ ግግርም የላትም። የነበራት ወተት፣ ማቀዝቀዣና የማነጻጸር ትዕግሥት ነው።

የእኛ ስሞች የት ናቸው?

ኢትዮጵያ በባክቴሪያ ስም መዝገብ ውስጥ ፈጽሞ አልተረሳችም። ኢትዮጵያውያን ተመራማሪዎች ከውጭ አገር ባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው፣ በጥራጥሬና በዛፎች ሥር ከሚኖሩት ናይትሮጅን ሰጪ ባክቴሪያዎች በ2013 «ሜዞራይዞቢየም አቢሲኒኬ»፣ «ሜዞራይዞቢየም ሐዋሴንሴ» እና «ሜዞራይዞቢየም ሾኔንሴ» የተባሉ ሦስት አዳዲስ ዝርያዎችን አሳውቀዋል። በ2017 ደግሞ ከቦሎቄ ሥር «ራይዞቢየም ኢትዮፒኩም»፣ ከኮርች ዛፍ ሥር «ብራዲራይዞቢየም ሸወንሴ» ተለይተው ታተሙ። የመጨረሻው የተጠራው በሸዋ ስም ነው፤ ሆለታም ያለችው በዚሁ በሸዋ ምድር ነው።

እነዚህ ስሞች ሊያስደስቱን ይገባል። ይሁን እንጂ መለኪያ ዘሮቻቸው የተቀመጡት በቤልጅግ በጌንት ከተማና በፊንላንድ በሄልሲንኪ በሚገኙ ማኅደሮች መሆኑን መዘንጋት አይገባም። ይህ ስርቆት አይደለም፤ ሕጉ የታወቁ ማኅደሮችን ስለሚጠይቅ ተመራማሪዎቹ ያደረጉት ትክክለኛውን ነገር ነው፤ ማኅደሮቹም ዘሩን ጠብቀው ለሁሉ ያቀርባሉ። ኢትዮጵያም በአዋጅ ቁጥር 482/1998 (በኤውሮፓውያን 2006) የዘረ መል ሀብቷን ማግኘት በፈቃድና በጥቅም መጋራት ላይ እንዲመሠረት ደንግጋለች። ነገር ግን አዋጅ በር ይጠብቃል እንጂ ዘር አያኖርም። ሕጉ ሁለት አገሮችን ሲጠይቅ፣ ከሁለቱ አንዱ ዘሩ የበቀለበት አገር ቢሆን ምንኛ መልካም በሆነ ነበር።

በዚህ ነጥብ የሚቃወም ሰው ሊኖር ይችላል። ማኅደር ማቆም ያለማቋረጥ የሚሠራ መብራት፣ የሠለጠነ ሰውና ገንዘብ ይፈልጋል፤ ገንዘቡ ለአዝመራ ቢውል ይሻላል ይላል። ክርክሩ ቀላል አይደለም። ነገር ግን ባቄላ የሚዘራው ገበሬ በፋብሪካ የሚባዛ የሥር ባክቴሪያ ቢፈልግ፣ የሚሰጠው ዘር ከአንድ ማኅደር መውጣት አለበት። ወተት አቀናባሪው ወተቱን ያበላሸው የትኛው ባክቴሪያ እንደሆነ ቢጠይቅ፣ መልሱ የሚገኘው ከማኅደር ጋር በማነጻጸር ነው። ስለዚህ ማኅደሩ ከአዝመራው የተለየ ነገር ሳይሆን እንደ ጎተራው አንዱ ክፍል ነው። ለዘር የተቀመጠውን እህል በክረምት የማይበላ ገበሬ ይህን ነገር ያለ ብዙ ማስረዳት ይገባዋል።

መደምደሚያ

ከላይ የተመለከትነው ታሪክ ሦስት ነገር ያስተምራል። አንደኛ፣ ብርድ ወዳዶቹ ለረጅም ጊዜ ያልታወቁት ስላልነበሩ ሳይሆን በአፈላለግ ጉድለት ነው፤ ስለዚህ በሆለታ ወተት ላይ የሚሠራ ተማሪ ናሙናውን ከላሙ እስከ ቤተ ሙከራው በብርድ መጠበቅ፣ ማሳደጊያውንም በ37 ዲግሪ ብቻ ሳይሆን በ7 ዲግሪም ለብዙ ቀን ማቆየት ይኖርበታል። ሁለተኛ፣ ስም የሚቆመው በመለኪያ ዘር ላይ ነው፤ ዘር የሌላቸው ስሞች በ1980 ከመዝገብ መውጣታቸውን አይተናል። ሦስተኛ፣ አዲስ ነገር ለማግኘት የግድ ግግር አያስፈልግም፤ ፎርስተር የጀመረው ከዓሣ፣ ሐይፋም ያገኘችው ከወተት ነው።

የባሌ ግግር ከመታወቁ በፊት ቀልጧል፤ ለዚያ ማንም ተጠያቂ አይደለም። በየማቀዝቀዣው ውስጥ ያለው ወተት ግን በየቀኑ ይመጣል፣ በየቀኑም ይደፋል። በውስጡ የሚኖሩት ምን እንደሆኑ ለይቶ፣ ዘራቸውን አስቀምጦ፣ ስማቸውን መጻፍ በዚህ አገር ያሉ ተማሪዎችና መምህራኖቻቸው ሊሠሩት የሚችሉት ሥራ ነው። የሸዋ ስም በመዝገቡ ገብቷል፤ የሆለታም ስም ቢገባ የሚከለክል ሕግ የለም።